ተቀምጬ «ኖር» ያልኩበት ማኅበር

ለምወድሽ ልጄ ለይመኙሻል፣

እንደምን ሰነበትሽ? የሐዋሳ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ባልሽ ብርሃነ መስቀልስ ደኅና ነው? ያቺ ጥርሷ የወለቀው ሳሌም አዲሱን አወጣች ወይ? እኔ አባትሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእጄና ከእግሬ በቀር ደኅና ነኝ። በስልክ ድምፅህ አይሰማም እያልሽ ስለምትጮሂብኝ ይኸው ጻፍኩልሽ። ፊደሉ እያነሰ ሄዶ ጤፍ ካከለብሽ ከበሽታው ነው እንጂ ወረቀት ቆጥቤ አይደለም።

ወሬው ከሌላ ሰው ሳይደርስሽ ልንገርሽ፤ ወድቄያለሁ። ሦስተኛዬ ነው። «ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቅህ ቤቱን ዘግቼ እወስድሃለሁ» ማለትሽን አልረሳሁም። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢና ፍረጂ።

የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ጎረቤታችን ወልደኪዳን ቤት ነበር። መምሬ ዘሥላሴ ሲገቡ ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ከመቀመጫው ነቅነቅ አለ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ቀጥ ብዬ ነው የምቆመው። የደብረ ብርሃኗ ሐኪም ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ድንገት አይነሣም ብላኝ ነበር። እሷ መምሬን አታውቃቸውም ብዬ ተነሣሁ። እግሬ መሬቱ ላይ ተጣበቀ፣ ከወገቤ በላይ ወደ ኋላ ሄደ፣ ከኋላዬ የማኅበሩ ዳቦ ላይ ዘጭ! የወልደኪዳን ሚስት ደመቀች እንኳን አይዞዎት ልትለኝ፣ «ጋሼ፣ ገና ሳይባረክ ተቀመጡበት!» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ኋላ ግን የቀኝ እጄ አንጓ አብጦ ሁለት ሳምንት በግራዬ ነው የጎረስኩት፤ ለማንም እንዳትነግሪ።

መምሬ አልሳቁም። «ከእንግዲህ እኔ ስገባ ይርጋ ከተነሣ እወጣለሁ» አሉ። ቀልድ መሰለኝ።

በታኅሣሥ ተራው የእኔ ነበር፤ ጠላውን ደመቀች ጠመቀችልኝ። መምሬ በሩ ላይ ብቅ ሲሉ ግድግዳውን ይዤ ተነሣሁ። እውነትም ዞረው ወጡ! ጉሙ ደጁን ሞልቶታል፣ እሳቸው በነጠላ ቆመዋል። «ይግቡ» ስል «ተቀመጥ» ይላሉ። «የቤቱ ባለቤት ነኝ» ስል «እኔም ቄሱ ነኝ» ይላሉ። ወልደኪዳን «ጋሼ፣ ቄሱን በብርድ ሊገድሉብን ነው እንዴ? ኋላ ማን ሊፈታን ነው?» አለ። መምሬም መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ተቀመጥኩ። በገዛ ቤቴ ለቄስ ተቀመጥኩ ብዬ አንገቴን ደፋሁ፣ ልጄ።

ቀና ስል ከማኅበርተኛው አንድም የተነሣ የለም። ሁሉም እንደ እኔ ቁጭ እንዳለ «ኖር!» አለ፤ እኔም አብሬ አልኩ። መምሬም «በእግዜር!» ብለው ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ።

ስለዚህ አትውሰጂኝ። እዚህ ተቀመጥ ብሎ የሚቆጣኝ ሰው አለኝ። ሐኪሟ ያለችውንም እየፈጸምኩ ነው፤ ኪኒኑን በሰዓቱ እውጣለሁ፣ ስዞር እንደሚያርስ በሬ ሰፋ አድርጌ እዞራለሁ፣ እግሬ ሲጣበቅ መሬቱ ላይ መስመር አለ ብዬ እሻገራለሁ። ዱላም ይዣለሁ። አዎ፣ ይዣለሁ፤ አትሳቂ።

ብርሃነ መስቀልን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። ሳሌምን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ የወለቀ ጥርስ በአያትም እንዳለ ንገሪያት። ለአማትሽም እጅ ነስቻለሁ። አንቺን ግን በወረቀት አልስምሽም። ለጥምቀት ነይና በዐይንሽ አይተሽኝ እንሟገት። እንደ ድሮው መኪናው ድረስ አልመጣም፣ በር ላይም አልቆምም። ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቅሽ፤ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ሳሚኝ።

አባትሽ ይርጋ
ጎረቤላ፣ አንኮበር
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.