የአባዬ ጉንጭ

ፊትህን ለደበቅከን ወንድሜ፤ እንደምን ከርመሃል? እኛስ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ በንዴት ጦፌያለሁ።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ወላጅና ልጅ ሲተቃቀፉ መሳል አስተማርኩ። ሁልጊዜ «መጀመሪያ የወላጁን ጉንጭ ሳሉ፤ የልጁ ራስ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው» እላቸዋለሁ። ልጅህ ግን ባዶ ወረቀቷን ይዛ ቁጭ አለች።

«ምነው የኔ እናት?» ስላት፣ «አክስቴ፣ የአባዬ ጉንጭ አሁንም ወፍራም ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? የስልክህ ካሜራ ተበላሸ ካልከን ወራት አለፉ። ስትደውልም ሳሉ አላናግር ይልሃል፤ «ብርድ ነው» ትለኛለህ። እኔን ነው የምታሞኘው? እዚያ አገር ካሜራ የሚጠግን ጠፋ?

ልጅህ ትስምሃለች። ወረቀቷን ከጓደኞቿ ሥዕሎች መሀል ባዶውን ለጥፌዋለሁ። እኔ ግን ጉንጭህን እስካይ ድረስ ሰላምታዬን ነፍጌሃለሁ።

እህትህ