በበርሜሉ ውስጥ ያለው ጃኬት

ቢሻው፣

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መጀመሪያ ጓሮ ሄደህ የውሃ በርሜሉን እይ።

ከሥር የተቀመጠው አንተ የጠገንከው ላይፍ ጃኬት ነው። ልሞክረው ብዬ ትናንት ማታ ጡብ አስሬበት ከተትኩት። ትቼው ስገባ ተንሳፎ ነበር፣ ሌሊት ስፖንጁ ውሃውን ሲጠጣ ግን ሰመጠ።

ስፌትህ እንከን የለውም። ያረጀውን ፎም አውጥተህ የፍራሽ ስፖንጅ ስትሞላበት አጠገብህ ነበርኩ፤ አዲስ መሰለ ብዬ አደነቅኩህ። የጀልባውን ዕቃ የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፣ መሞከር የነበረብኝም እኔ ነኝ። አንተም ግን ስፖንጅ ውሃ እንደሚጠጣ...

ተወው።

የሰፋሃቸው አሥሩ ጃኬቶች ትናንት ቀን ጎጀብ ወንዝ ወርደዋል። ወንዙ ዳር ኔትወርክ ስለሌለ ባለ ጀልባውን ላገኘው አልቻልኩም። በሞተር እየሄድኩ ነው። ጀልባው ሁለት ተኩል ላይ ይነሳል፣ እኔ ብበርም ከሦስት ሰዓት በፊት አልደርስም።

የቀሩትን ሁለቱን እንዳትሰፋቸው። ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

ሌላው፣ ስልክህን ቻርጅ ላይ ትተኸው ስለሄድክ ሲጠራ አነሳሁት። እናትህ ናቸው። ወንዝ እንዴት እንደሚፈሩ ታውቃለህ። ዛሬ ግን «ልጄ የሰፋውን ለብሼማ ምን እፈራለሁ» ብለው በጠዋቱ ጀልባ ሊሻገሩ እየወረዱ ነበር። መልሼ ስደውል አይገባም፤ አንተም ደጋግመህ ሞክር።

እኔማ «አይዞዎት እትዬ፣ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ» አልኳቸው።

በርሜሉ ትዝ ብሎኝ ሄጄ ያየሁት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ሚሊዮን