ከቡንሎት ኩሬ የወጣችው የአባታችን ነፍስ

ይድረስ ባንኮክ ላለሽው ለምወድሽ ለእትዬ ማኒቫን፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ሲሱክስ እንዴት ነው? ትንሿ ኖይስ ጥርስ አበቀለች? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እልኸኛ ነው? እኛ ናፍቆትሽ ከሚያመን በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ሁላችንም ስልሽ አባባንም ጨምሬ ነው፤ ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ አትደንግጪ። የምጽፍልሽ ደስ ብሎኝ ነው።

አባባ ባለፈው ወር አንድ ቀን ከአናቱ እስከ እግሩ በስብሶ፣ ፊቱና አንገቱ አባብጦ ቤት ገባ። "ከጀልባዬ ወድቄ ነው፤ ወንዝ ዳር ደግሞ ትንኝ በላኝ" አለን። ከዚያ በኋላ ምግብ እምቢ አለ። ያ የሩዝ ቅርጫቱን ባዶ ሳያደርግ የማይነሳው አባታችን አንዲት ጉርሻ አላምጦ ይተፋ ጀመር። ተኝቶ ይባንናል፤ ስንጠራው አይሰማም። ጤና ጣቢያ ብንወስደው ነርሷ "የተሰበረ ነገር የለውም፤ ብቻ ይብላ" አለች። ማን ያስበላው! ሱሪው ከወገቡ ላይ አልቆም አለ። ይሞትብናል ብዬ ፈራሁ፣ እትዬ። እማዬ ግን የምትቆጣ እንጂ የምትፈራ አትመስልም ነበር።

ጎረቤታችን እማማ ፔንግ መጥታ አየችውና "ሰው ሠላሳ ሁለት ነፍስ አለው፤ የእሱ አንዷ ደንግጣ የወደቀበት ቀርታለች፤ ሂዱና አምጧት" አለች። እማዬ የአባባን ሸሚዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝና ሩዝ በቅርጫት ይዛ፣ የዓሣ መጨለፊያ መረቧን ተሸክማ ወንዝ ወረደች። ውሃውን ስትጨልፍና ነፍሱን ስትጣራ ዋለች። ስትመለስ እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ "መጣች ወይ?" አልኩ፤ "መጣች!" አለችኝ። ነፍሱ ከመጣች እንከን የሌለው መሆን የነበረበትን እንቁላል ስንልጠው ግን አንድ ጎኑ ጎድጉዷል። አባባም ሩዙን ወደዚያ ገፋው።

እማማ ፔንግ እንቁላሉን አገላብጣ አየችና "ወንዙ ውስጥ የለችም! አንተ ካምሲን፣ የት ነው የወደቅከው? ነፍስህ እኮ ሳትበላ ሳትጠጣ የሰው ደጅ ተቀምጣለች!" አለችው። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንደዞረም "ቡንሎት ኩሬ ውስጥ" አለ።

እማዬ ጆሮዋን አላመነችም። በሰርግሽ ቀን "የካምሲን አረቄ ውሃ ውሃ ይላል" ካለ ወዲህ አባባ ስሙን እንኳ የማይጠራው የድሮ ወዳጁ ቡንሎት! ለካስ የእሱ ማንጎ ዛፍ ላይ ያለውን፣ ለሾርባ የሚወደውን የቀይ ጉንዳን እንቁላል ሊሰርቅ ወጥቶ፣ ጉንዳኑ ሲወርረው ቁልቁል ኩሬው ውስጥ ተዘፍቆ ኖሯል። ትንኝ ያለንም ጉንዳኑን ነው።

"በስተርጅና ዛፍ ላይ! ለዚያውም የሰው ዛፍ!" አለች እማዬ። "እኔ ሞኟ ወንዙን ሙሉ ስጨልፍ ስውል ዓሣው ሁሉ ሳይስቅብኝ አልቀረም! ምን ነበር ብትናገር?"

"ከመናገር መሞት ይሻለኛል ብዬ ነዋ" አለ አባባ።

ምን ምርጫ ነበረን? እማዬ መረቧንና ሌላ የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ቡንሎት በር ላይ ቆመች፤ እኔ ከኋላዋ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ። ቡንሎት ሁሉንም ሰማ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "እኔ እኮ ኩሬዬ ውስጥ ጎሽ የገባ መስሎኝ ነበር! በይ ስጪኝ፣ ኩሬውን የማውቀው እኔ ነኝ" ብሎ መረቧን ተቀበላት። ሱሪውን ሰብስቦ ገባና "አንቺ የካምሲን ነፍስ! ነይ ውጪ! ዓሣዬን ጨረስሽብኝ እኮ! ሩዙ በስሏል፣ ሚስቱም ተቆጥታለች፣ ነይ!" እያለ ይጨልፍ ጀመር። መንደሩ አጥሩ ላይ ተደግፎ በሳቅ ይፈርሳል። ቆይቶ ግን ድምፁ ተለወጠ። "ነይ እባክሽ፤ ወንድሜ ከታመመ ሰነበተ" አለ ዝግ ብሎ። ያኔ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ቤት ስንደርስ እማማ ፔንግ ከደረጃው "መጣች ወይ?" አለች። "መጣች!" አልን ሁላችንም በአንድ አፍ። እንቁላሉ ተልጦ ሲታይ ለስላሳ፣ እንከን የሌለው! ቡንሎት የአባባን እጅ ይዞ፣ ነፍስ ዳግም እንዳትወጣ የሚታሰረውን ነጭ ክር አንጓው ላይ አሰረለት። "ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ እጅህንም ከማንጎዬ ያርቅልህ" ብሎ መረቀው።

"አረቄዬ ውሃ ውሃ አይልም" አለ አባባ።

"ይላል" አለ ቡንሎት።

በማግስቱ ጠዋት ቡንሎት በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የጉንዳን እንቁላል ይዞ መጣ። "ብትጠይቀኝ እሰጥህ አልነበር?" ብሎ አስቀመጠው። እማዬ ሾርባ ሠራችው። አባባ ጠጣው፤ ሳህኑን በሩዝ ጠረገና "ጨምሪልኝ" አለ። እማዬ ጭልፋዋን እንደያዘች ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በዚያ ሁሉ መከራ እንባ ጠብ ያላላት እናታችን!

እማማ ፔንግ ኖይን ሳሚልኝ ብላለች። ቡንሎት ለሲሱክ ሰላም በሉልኝ ብሏል፤ በሰርጉ ለተናገረውም ይቅርታ፣ አረቄው ግን አሁንም ውሃ ውሃ ይላል ባይ ነው። አባባን በጣም ናፍቀሽዋል፤ ይህን ጉዱን እንዳልጽፍልሽም አስጠንቅቆኝ ነበር። እማዬ ግን "የፈለግሽውን ተዪ፤ መብላቱን ብቻ ጻፊላት" አለችኝ። በልቷል፣ እትዬ። አባታችን በልቷል።

እህትሽ ቡዋላይ

ባን ናሳይ፣ የአምስተኛው ወር ጨረቃ በሞላች ማግስት፣ 1997 እ.ኤ.አ.