ጅራታሙ ኮከብ ወዴት ይሄዳል?

መጋቢት 18 ቀን 1989፣ ቦንጋ
የዘጠነኛ ክፍሎችን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ሲመሻሽ በር ላይ ወጣሁ... ጅራታሙ ኮከብ በሰሜን ምዕራብ፣ ከጫካው በላይ። እንደ ጉም ስስ ነው። የቆመ ይመስላል እንጂ እየሄደ ነው። ወዴት?

ይመኙሻል አልወጣችም። አከራያችን እትዬ ዘነበች "እርጉዝ አታየውም" ብለዋታል። አምና የመጀመሪያ ልጃችንን ከቀበርን ወዲህ ሚስቴ ሁሉን ትፈራለች።

"ወደኛ ነው የሚመጣው?"

"ሬዲዮው አደጋ የለውም ብሏል።"

"ሬዲዮ መቼ አደጋ አለ ብሎ ያውቃል? አንተ ንገረኝ።"

የፊዚክስ መምህር ነኝ... ምን ልበላት?

መጋቢት 20
መንገዱን ላሰላው ነው። ራቅ ራቅ ባሉ ሦስት ቀናት ያለበትን ቦታ ከለካሁ፣ በፀሐይ ዙሪያ የሚሄድበትን መስመር አገኘዋለሁ። ከትምህርት ቤት የሰሌዳውን ፕሮትራክተር አመጣሁ። ግንበኛው ቢሻው ቱንቢውን አዋሰኝ። "መምህር፣ ሰማይ ላይ ሊገነቡ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

የመጀመሪያውን ለካሁ።

መጋቢት 29
ሁለተኛው ልኬት። ነፋስ ነበር።

ሚያዝያ 6
ሦስተኛውን በደመና መሃል አገኘሁት። ቁጭ ብዬ አሰላሁ... ገና እየቀረበ ነው። መስመሩ በእኛ በኩል ያልፋል። ደግሜ ሠራሁት። ያው።

"ፊትህ ምን ሆነ?"

"ደክሞኝ ነው።"

ሚያዝያ 7
ነገርኳት። መደበቅ አልቻልኩም። ያሰላሁበትን ወረቀት ከእጄ ወሰደች። ከዚያ፣

"ያን ዕለት ነፋሱ የቱንቢውን ገመድ ሲያወዛውዘው በመስኮት አይቼሃለሁ። ምኑን ለካኸው? እንደገና ለካ። እኔ እይዝልሃለሁ።"

ለካስ ስታየኝ ነበር...

ሚያዝያ 12
ዝናብ። ተራራውም የለም፣ ከተማውም የለም።

ሚያዝያ 19
ፋሲካ። ደመና።

ሚያዝያ 22
ተገለጠ! ይመኙሻል ሆዷን ደግፋ ወጣች። ገመዱን በሁለት እጇ ከነፋስ ከለለችው። ቀና ብላ አየችው... እኔ ቁጥሩን አነባለሁ፣ እሷ ሰማዩን።

"እንዲህ ያምራል እንዴ?"

እንዳይነቃ እንደሚፈራ ሕልመኛ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "አዎ" አልኳት።

ሚያዝያ 25
የነፋሱን ቀን ልኬት ጥዬ አዲሱን አስገባሁ። መስመሩ ተቃና። ፀሐይን ዞሮ አልፏታል፤ እየራቀ ነው። ወረቀቱ ላይ በጣቷ ተከተለችው፣ እስከ ጠርዙ...

"ከዚህ በኋላስ? ይመለሳል?"

"በፕሮትራክተርና በቱንቢ ይህን ማወቅ አይቻልም። ቢመለስም ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ይሆናል።"

"ይሂድ እንግዲህ፣ በሰላም ይሂድ።"

እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ግን አብሬው ስሄድ አመሸሁ። ያን ሁሉ ጨለማ ብቻውን...

ግንቦት 21
ሴት ልጅ። ጤነኛ ናት፤ ጩኸቷ ጎረቤት ይሰማል። ፍሬ ብለናታል።

ኮከቡ አሁን አይታይም። እትዬ ዘነበች ገንፎ ይዘው መጡ። ልጅቱን አይተው በሐሳብ ጭልጥ አሉ። "በዚያ በጅራታሙ ጊዜ የተወለደች..." ብለው ሳይጨርሱ፣ ይመኙሻል ከአልጋዋ ቀና አለች።

"ሄዷል፣ እትዬ። እኔ ነኝ የለካሁት።"