ለአምስት ሰዎች አንድ አንገት

ለምወድሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ተራራው ላይ ብርዱ ጠና ይሆን? ሳልሽስ ለቀቀሽ? መነኮሳይቶቹ አሁንም በባዶ እግርሽ ወለል ያስወለውሉሻል? እኔ ደህና ነኝ። ፀጉሬ ከግንባሬ በላይ ትንሽ ተነጭቷል እንጂ ሌላው አካሌ ሙሉ ነው።

እትዬ፣ ባልሽ ጎንዞ ሞቷል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የሩዙ አጨዳ ባለቀ ማግስት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አራት ጎራዴ ታጣቂዎች አስከትሎ ኑድል ቤቴ ገባ። ከአንድ መንገደኛ በቀር ሰው አልነበረም። ኢሶጋይ ይባላል፤ ጌታው ከሞተበት ወዲህ ካገር አገር የሚዞር፣ ልብሱ የነተበ ሳሙራይ ነው። ጎንዞ ፀጉሬን ጨምድዶ ፊቴን የሚንተከተከው ድስት ላይ ደፋኝና፣ «ሚስቴን የደበቃትን ገዳም ስም ጥሪ! አለዚያ ከኑድልሽ ጋር እቀቅልሻለሁ» አለኝ። እንፋሎቱ ዓይኔን አቃጠለው። አልተናገርኩም።

ኢሶጋይ ሾርባውን ጨልጦ፣ «ወንድሜ፣ ልድገም እያልኩ ነበር፤ ሴትዮዋን ልቀቃት» አለው። ሳቁበት። «አንተ ለማኝ፣ ይሄ ዝገትህ ካፎቱ ይወጣል?» አለው አንዱ። አፉን ሳይገጥም አንገቱ ተቀነጠሰ።

ከዚያ ተያይዘው ወጡ። እትዬ፣ ሰው እንደዚያ ሲታረድ አይቼ አላውቅም። የአንዱ ክንድ ጎራዴውን እንደጨበጠ አቧራው ላይ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል ጀርባው ተሰነጠቀ። ሌላው አንጀቱን በእጁ አቅፎ እየተንፏቀቀ እናቱን ይጠራ ነበር። የኢሶጋይም ትከሻ ተተልትሎ ነበር። አራቱም ታጣቂዎች ተዘረሩ።

ጎንዞ ጭኑን ተወግቶ በጓሮ በር ወደ ማድቤቴ ተሳበ። የዱቄት ከረጢቱን ተደግፎ፣ «ውሃ ስጪኝ እንጂ! የእህትሽ ባል አይደለሁ?» አለኝ። ቀጥሎም ፈገግ አለና፣ «ይሄ ቁስል ይድናል። እሷን ግን መነኮሳይቶቹ ፊት ነው የማርዳት» አለ።

ውሃ አልሰጠሁትም።

ኢሶጋይ ሲገባ ጎንዞ አይተነፍስም ነበር። ሬሳውን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ቢላዬን ከእጄ ወሰደና በራሱ እጅጌ ጠርጎ ቦታው መለሰው።

የገዥው ሰዎች ሲመጡ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። «ስንት ገደልክ?» ሲሉት፣ «አምስት» አለ። እኔ አፌን ስከፍት፣ «እሜቴ፣ ሾርባሽ እያረረ ነው» ብሎ አቋረጠኝ። እኔም ወደ ሾርባዬ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ወንዙ ዳር አንገቱን ቀሉት። ሄጄ ቆሜ አየሁ። እሱ ግን ወደ እኔ አልዞረም።

እንግዲህ ከተራራው ውረጂ፤ ደጅ የሚያደባብሽ የለም። እስክትመጪ በጸሎትሽ ኢሶጋይን አስቢልኝ። እኔንም ከስሙ አጠገብ ጥሪኝ፤ ለምን ብለሽ ግን አትጠይቂኝ። ጤናሽን ያብዛልኝ፣ መንገድሽን ያቅናልኝ።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ