የሜሪ መኖሪያ ፈቃድ በሽማግሌ ፊት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017፣ ጂንካ

ኬንያዊቷ ጎረቤቴ፣ ልብስ ሰፊዋ ሜሪ፣ ዛሬ ባሏን አፉን አስያዘችው! ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ተቀምጠው ሳለ ታደለ ደረቱን ነፍቶ፣ «ከተፋታን መኖሪያ ፈቃዷ ያበቃል፤ አገሯ ትገባለች» አለ።

ሰፈሩን ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩት ጋሽ ጴጥሮስ ግራ ገባቸው። «ከብት እናካፍላለን፤ ቤትም እናካፍላለን። የመንግሥት ፈቃድ እንዴት ይካፈላል?»

«አይካፈልም አባባ» አለች ሜሪ። «በሱ ሚስትነት የተሰጠኝን እተውለታለሁ። ልጃችን ኢትዮጵያዊ ነው፤ እኔ ደግሞ እናቱ ነኝ ብዬ ካመለከትኩ ሰነበትኩ።»

የታደለ የተነፋ ደረት ተነፈሰ። እኔም ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

የማመልከቻው መልስ ከአዲስ አበባ ገና አልመጣም። የምጨነቀው እኔ ነኝ እንጂ እሷማ ምን ገዷት! ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ሜትሯን አንስታ ለገና ቀሚሴ ልኬን ወሰደች።