አባዬ፣ ጆሮህ አልከዳህም

ይድረስ ለአባዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እንዴት ነህ ልልህ ብዬ እስክሪብቶውን ሦስቴ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ደግሞ! እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ቸርች አትቀርም። በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ኮብልስቶን ተነጠፈበት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃውን እያማረርክ የምትገባበት ጊዜ አለፈ። መብራት በፈረቃ መሆኑ ቀርቷል፣ መጥፋቱ ግን አልቀረም። ጋራዡም ክፍት ነው። ቡታጅራ ውስጥ ሴት በያጅ አለች ሲባል ሊያየኝ የሚመጣው ወሬኛ ቀንሷል፤ ለመዱኝ መሰለኝ።

ይሄን ሁሉ የምዘባርቀው ዋናውን ላለመናገር እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ልጅ ሆኜም እንዲህ ነበርኩ፤ ብርጭቆ የሰበርኩ ቀን ማንም ሳያዘኝ ግቢ እጠርግ ነበር። በቃ ልናገረው። በጋሽ ሸምሱ ጎልፍ ላይ ዋሽቼሃለሁ። አውቄ ነው የዋሸሁህ።

መቼም ያቺን መኪና አትረሳትም። ቀይ፣ ትንሽዬ፣ ባለ ሁለት በር፣ ኋላዋ ወደ ላይ የሚከፈት። ጋሽ ሸምሱ በወጣትነቱ ከአዲስ አበባ እስከ ቡታጅራ ማንም አይቀድመኝም ይልባት ነበር። እንሴኖ፣ እናቱ ግቢ ዛፍ ሥር ስንት ክረምት ዝናብ ስትጠጣ ከርማ በአይሱዙ ተጭና መጣችልን። አረፋን ልጆቼን ይዤባት እናቴ ዘንድ ካልገባሁ ብሎ ምሏል። ምንጣፉን ስናነሳው በወለሉ ቀዳዳ መሬት ይታይ ነበር። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ፤ አንተ ግን ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ የቀረው የእኛ ሥራ ነው ብለህ እጅህን አፋተግህ። እንዴት ደስ ብሎህ እንደነበር!

ዓይንህ ያኔ ጥላና ብርሃን ከመለየት አያልፍም ነበር። ያለ መነጽር የበየድክባቸው ዓመታት በሉት። ጆሮህ ግን ነበረህ። ካቻቢቴውን ትገለብጥና በእጀታው ላሜራውን ኳ ኳ እያደረግህ ትሄዳለህ። ጤነኛው ብረት ይጮኻል፤ ዝገት የበላው ድምፁ ይታፈናል። እዚያ ላይ ጣትህን ታሳርፍና ቁረጪ ትለኛለህ። በግራይንደር እቆርጣለሁ፣ አዲስ ላሜራ ለክቼ እበይዳለሁ፣ አንተ መልሰህ ታንኳኳለህ። ሃያ ቀን እንዲህ ሠራን። ዝገት ላይ ላሜራ አትበይጂ፣ ንጹህ ብረት እስክታገኚ ቁረጪ ትለኝ ነበር፤ በቀን ስንቴ እንዳልከኝ እንጃ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያ ማንኳኳትህ መሮኝ ነበር። ቴክኒክና ሙያ ተምሬ፣ እጄን አቃጥዬ የሠራሁትን አንተ አንኳኩተህ ጥሩ ነው ካላልክ ደንበኛ አያምነኝም። ሥራዬን አያዩም፤ ያንተን ፊት ነበር የሚያዩት። አንድ ቀን እንኳን እሷ ጥሩ ነው ካለች በቃ ቢሉኝ ብዬ እመኝ ነበር።

ለአረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የመጨረሻው የመብራት ተራችን ዕለት፣ ከግራው የኋላ ወንበር ሥር ያለውን ወለል ይዤ ነበር። ስቆርጠው ዝገቱ ካሰብኩት በላይ ገብቷል። ልከተለው ብል ሌላ ሙሉ ቀን ይበላል፣ መብራቱ ደግሞ ነገ የለም። እና ምን አደረግሁ? ከላዩ ላሜራ ጣልኩበት፣ ዙሪያውን በየድኩት፣ በስቱኮ ለቀለቅኩት፣ ቀለም ቀባሁት። ላየው ሰው ያምር ነበር።

ጋሽ ሸምሱ መኪናዋን ሊወስድ መጥቶ አጠገባችን ቆሟል። አንተ ተንበርክከህ ማንኳኳት ጀመርክ። እዚያ ስትደርስ ቆምክ። ደገምከው። አስቱ፣ እዚህ ጋ ታፍኗል፣ ክፈቺው አልከኝ። እኔም፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ንጹህ ነው አባዬ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጆሮህ ነው የደከመው አልኩህ። በዓይኔ አልኩ፤ ላንተ! ጋሽ ሸምሱ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እንግዲህ ዕድሜ ነው ጋሼ፣ ለልጆቹ እንልቀቅላቸው አለህ። አንተም አብረኸው ሳቅህ። አንዴ ደግመህ አንኳኳህ፣ ራስህን ነቀነቅህ፣ እንግዲያው እኔ ነኛ አልክና ካቻቢቴውን ሰጠኸኝ።

ከዚያ ወዲያ አላንኳኳህም። ደንበኛ ሲመጣ አስቴርን ጠይቋት ትላለህ። የተመኘሁት ይሄንኑ አልነበር? አገኘሁት፣ ግን እህል ውሃ አልሆነኝም። አንተ በር ላይ ወንበር አውጥተህ መዋል ጀመርክ። የሰማኸውን ነገር ሁሉ እውነት መሆኑን ትጠይቀን ነበር፤ ዝናብ ነው እንዴ? ሰው ጠራኝ እንዴ? እማዬ ጆሮህ ነው እያለች ትቀልድብሃለች፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ዓመት ሞላ፣ አንተም ታመምክና በሦስት ሳምንት ሄድክ።

ባለፈው ወር ጋሽ ሸምሱ ጎልፏን ይዞ መጣ። ዝናብ ሲጥል ከኋላ ውሃ ታስገባለች፣ የልጄ እግር ይረጥባል አለኝ። ወንበሩን አነሳሁና ቆረጥኩት። እዚያው ነው አባዬ! ጣትህን ካሳረፍክበት ወዲያም ወዲህም አላለም። ከእኔ ላሜራ ሥር ያለው ብረት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ እጄ ላይ ቀረ። መንገዱ ነው፣ ድንጋይ መቷት ነው ልለው እችል ነበር፤ ምን ያውቃል? አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት። ቆቡን አወለቀና፣ እኔም እኮ ስቄበታለሁ አለኝ። ለእናትሽ ግን ንገሪያት አለኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ምነው በጮኸችብኝ። ትከትፍ የነበረውን ጎመን ትታ ቁጭ አለችና እስከዛሬ ለማንም ያልተነፈሰችውን ነገረችኝ። ታላቅ ወንድምህ ጋሽ ደገፋ ከወልቂጤ ሊጠይቅህ መጥቶ ነበር፤ ልታርፍ አራት ቀን ሲቀርህ። እኔ ጋራዥ ነበርኩ። አንተ ከአልጋህ ሆነህ፣ በር ተንኳኳ፣ ደገፋ ነው፣ ክፈቺለት አልካት። እሷም የግቢው በር ሩቅ ስለሆነ ምንም አልሰማችምና፣ እንደለመደችው፣ ጆሮህ ነው፣ ዕረፍ አለችህ። አልተከራከርካትም። እንግዲያው እኔ ነኛ ብለህ ወደ ግድግዳው ዞርክ። ጋሽ ደገፋ እጁ እስኪዝል አንኳኩቶ፣ የገበያ ቀን ስለነበር የሚጠይቀው ጎረቤት አጥቶ፣ አዲስ አበባ ለሕክምና ወስደውት ይሆናል ብሎ ተመለሰ። ቀጥሎ የመጣው ለቀብርህ ነው። ለቅሶው ላይ፣ መጥቼ ነበር እኮ፣ የሚከፍትልኝ አጣሁ እያለ ደረቱን ሲመታ፣ እማዬ መሬት መሬት ታይ የነበረው ለዚህ ነው። እሷ ጥፋቱ የእሷ ይመስላት ነበር። የእኔ ነው።

ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም፤ መልስ የማትሰጥበትን ነገር መለመን ራስን ማታለል ነው። የጎልፏን ወለል ንጹህ ብረት እስኪመጣ ድረስ ቆርጬ አራት ቀን ሠራሁት። ቅዳሜ ወልቂጤ ሄጄ ለጋሽ ደገፋ እነግረዋለሁ። ይርገመኝ፣ ያባርረኝ፣ ግን ወንድምህ እንደሰማኸው ይወቅ። በመጨረሻ ጆሮው ከድቶት ነበር የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥርም፣ ቢያሳፍረኝም፣ ቁጭ አድርጌ ሙሉውን እነግረዋለሁ። ሳስታውስህ የምኖረው የበደልኩህንም ጨምሬ ነው፤ ደጉን ብቻ መርጬ አላስታውስህም።

አሁን እቤት ውስጥ ማንም ሰው በር ተንኳኳ ካለ፣ እኔ ምንም ባልሰማም፣ ተነስቼ ሄጄ እከፍታለሁ። ብዙውን ጊዜ ማንም የለም።

ልጅህ አስቴር